ለልጅ ስም ማውጣት ከነአባቱ ስም፦ ከገንፎው ቀን እስከ ልደት ሰርተፍኬቱ

በቀደም እህቴን አራስ ልንጠይቅ ደብረ ብርሃን ተሰብስበን ገንፎው መሀል ያለው ቅቤ ገና ሳይጎድል የስም ነገር ተነሳ። ውጭ ሀገር ያለው ወንድማችን በቪዲዮ ገብቶ "ሚድል ኔሟን ማን ልትሏት ነው?" ሲል እናቴ "እሱ ደሞ ምንድነው?" አለችው። "መሀል ላይ ሚገባው ስም ነዋ እማ" ሲላት "መሀል ላይማ አባቷ አለ አይደል እንዴ" አለችው።

እውነቷን ነው። እኛ ጋር የመሀሉ ስም የአባት ነው፣ ሶስተኛው የአያት ነው፣ ሁለቱም ልጁ ሳይወለድ ቁጭ ብለው ሚጠብቁ ናቸው። ምንመርጠው አንድ ስም ብቻ ነው። ሶስት ልጆች ወልጄ ለሶስቱም ስም ሲወጣ ያየሁትን፣ የእህቶቼና የወንድሞቼ ልጆች ስም ሲወጣ ስከራከር የተማርኩትን ነገር በደንብ ላስቀምጥላችሁ ብዬ ነው ይሄን ምጽፈው፣ በተለይ የመጀመሪያችሁ ለሆነ። እርጉዝ ሆናችሁ ብታነቡት ይሻላል፣ ከወለዱ በኋላ እንቅልፍ የለም።

1. ከማይቀየረው ጀምሩ

ብዙ ሰው ቆንጆ ስም ፈልጎ መጨረሻ ላይ ነው የአባቱን ስም ሚቀጥልበት። እኔ ምላችሁ ገልብጡት። ወረቀት ውሰዱና የአባቱንና የአያቱን ስም ጻፉ፣ ከፊቱ ባዶ ቦታ ተዉ፣ ያሰባችሁትን ስም ሁሉ እዛ ባዶ ቦታ ላይ እያስገባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ምክንያቱም የኛ ስሞች አብዛኞቹ ትርጉም አላቸው፣ ግማሹ ደሞ ግስ ነው፣ ሁለቱ ሲገጥሙ አረፍተ ነገር ይሆናሉ። ደስታ የሚባል ልጅ አባቱ ሞላ ከሆነ "ደስታ ሞላ"፣ ፍቅር አበበ፣ ተስፋ ዘለቀ፣ ሰላም ነጋ፣ እነዚህን ሲጠሩ ራሱ ምርቃት ይመስላል። በሌላ በኩል ሕይወት ቆንጆ ስም ነው፣ ከበደም የተከበረ ስም ነው፣ ክብደት ያለው ሰው ይሁን ተብሎ ነው ሚወጣው፣ ሁለቱ ሲገጥሙ ግን "ሕይወት ከበደ" ይሆንና ልጅቷ በየሄደችበት "ለሁላችንም ከብዷል" ስትባል ትኖራለች። ሰላም ተፈራም እንደዛው። ክፉ ነገር ነው አልልም፣ እንደዚህ ተብለው አድገው ስማቸውን ሚወዱ ሰዎች አሉ፣ ብቻ ሳታውቁት አይሁን፣ አውቃችሁ ምረጡት።

ድምፁንም ስሙት። የልጁ ስም ሚያልቅበትና የአባቱ ስም ሚጀምርበት ድምፅ አንድ ከሆነ ሲጠራ ይዋጣል፣ ማርታ ታደሰ ሚለውን ቶሎ ቶሎ በሉት እስቲ፣ "ማርታደሰ" ነው ሚሆነው። ርዝመትም አለ፣ አባቱ ገብረመድህን አያቱ ወልደሚካኤል ከሆነ ለልጁ አጠር ያለ ስም ብትሰጡት ፎርም ላይ ያሉት ሳጥኖች ይበቁታል።

ከዛ ወረቀቱን አዙሩና ወደፊት አንብቡት። ወንድ ልጅ ከሆነ ዛሬ ምትሰጡት ስም የልጆቹ የመሀል ስም፣ የልጅ ልጆቹ ደሞ መጨረሻ ስም ነው ሚሆነው፣ ሶስት ትውልድ ተሻግሮ ነው ከወረቀት ሚወርደው። ባቢ ወይ ኪያ ለአንድ አመት ልጅ ጣፋጭ ነው፣ ግን የአርባ አመት ልጁ ከስሙ ቀጥሎ ባቢ ተብሎ ሲጠራ አስቡት። እንደዚህ አይነቱን ለቤት አቆዩት።

2. እናት ድምፅ ይኑራት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ሚቆረቁረኝ እሱ ነው። ሁለተኛው ስም የአባት፣ ሶስተኛው የአባት አባት። የእናት ስም በልጁ ስም ውስጥ የትም የለም፣ የእናት አባት ስምም የለም። ደግነቱ ሴት ልጅ ስታገባ እኛ ጋር ስሟን አትቀይርም፣ የአባቷን ይዛ ትቀራለች፣ ለልጆቿ ግን አታስተላልፍም። ታዲያ የመጀመሪያውንም ስም የአባት ቤት ብቻ ካወጣው ዘጠኝ ወር ተሸክማ የወለደችው ሰው ምን ቀራት?

መጀመሪያ ልጄ ላይ እኔ አልተጠየቅኩም። ባለቤቴ የመንዝ ሰው ነው፣ አባቱ ከመሀል ሜዳ መጡ፣ አራስ ቤት በር ላይ ቆመው ስሙን ተናገሩ፣ ተመረቀ፣ አለቀ። ስሙ መጥፎ አልነበረም፣ ዛሬ ልጄን በሌላ ስም ላስበው አልችልም። ሁለተኛዋ ስትመጣ ግን ቀደም ብዬ፣ ገና ሳረግዝ፣ ራሴ ሄጄ "አባባ፣ የዚችን እኔ ላውጣና እርስዎ ይመርቁልኝ" አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "አንቺ ያወጣሽውን እኔ እመርቃለሁ፣ የኔ ስም እንደሆን ከኋላዋ አለ" አሉ። ከዛ ቀን ጀምሮ ለሁሉም ምመክረው ይሄንን ነው፦ ሽማግሌን ከወሊድ በኋላ አትሟገቱ፣ ከወሊድ በፊት አክብራችሁ ጠይቁ፣ ምርቃቱን ለሳቸው ተዉላቸው። እንቢ ካሉም ልጁን እሳቸው ባወጡት ስም ሚጠሩበት መንገድ አለ። በኛ ሀገር አያት በአንድ ስም፣ እናት በሌላ፣ ጎረቤት በሶስተኛ መጥራቱ ያለ ነገር ነው። ወረቀት ላይ ሚገባው የትኛው እንደሆነ ብቻ ተስማሙ።

3. ስሙን ከየት እናምጣ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሚያደርገው ስልኩን አውጥቶ የስም ዝርዝር መፈለግ ነው። ፈልጉ፣ ግን ትርጉሙን እንዳትቀበሉ። አንዱ ስም አንድ ቦታ "የእግዚአብሔር ስጦታ"፣ ሌላ ቦታ "የንጋት ኮከብ" ተብሎ ታገኙታላችሁ፣ ጻፊው ከየት እንዳመጣው አይናገርም። የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ከሆነ መጽሐፉን ገልጣችሁ የት ቦታ ስለማን እንደተነገረ አንብቡ፣ የግዕዝ ቃል ነው ከተባለ የግዕዝ መምህር ወይም ቄስ ጠይቁ። ለምሳሌ ኤፍራታ አሁን ብዙ ሴት ልጆች ይባላሉ። በሚክያስ ትንቢት ላይ ቤተልሔም ከኤፍራታ ጋር ተያይዛ ነው ምትጠራው። እኛ ጋር ደሞ አጣዬ ያለችበት ወረዳ ራሱ ኤፍራታና ግድም ነው ሚባለው። አንድ ስም ከመጽሐፍም ከሀገርም ሲገጥም ደስ ይላል።

የአካባቢያችንን ስሞች ትንሽ እንድታስቡባቸው እፈልጋለሁ፣ "የድሮ ነው" ተብለው እየቀሩ ስለሆነ። ሸዋን ይገዙ የነበሩትን ተመልከቱ፦ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሳህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት። አባት "ወሰን አስፋ" ተባለ፣ ልጁ "ወሰን ሰገደ" ተባለ፣ ስሙ ራሱ የዛን ጊዜ ሀሳባቸው ምን እንደነበር ይናገራል። የሳህለ ሥላሴ እናት ዘነበወርቅ ነበሩ፣ ባለቤታቸው በዛብሽ። የምኒልክ ልጅ ሸዋረጋ። ጣሊያን በገባ ጊዜ የታገለችው አርበኛ ሸዋረገድ ገድሌ። ሸዋዬ፣ ሸዋነሽ፣ ሸዋንግዛው፣ እነዚህ ሁሉ ሀገሩን ስም ውስጥ ያስገቡ ናቸው። ዘነበወርቅ ለዛሬ ልጅ ረዘመ ካላችሁ በቤት "ዘኒ" ትባላለች፣ ማንም አያስቀይማትም።

ሌላው ምንጭ የተወለደበት ሁኔታ ነው። ክረምት ላይ፣ በመስከረም፣ ለፋሲካ፣ አባቱ ስራ ባገኘ ሰሞን፣ እናቱ ከሞት በተረፈች ጊዜ። ይሄ ጥሩ ነው፣ ታሪክ አለው፣ ግን ታሪኩ የልጁ ይሁን። በቤተሰብ ጠብ ላይ ለጎረቤት መልእክት ማስተላለፊያ ሚደረግ ስም አለ፣ "አሳየኋቸው" አይነት ነገር፣ ጠቡ ይታረቃል፣ ልጁ ግን መልእክቱን ተሸክሞ ይቀራል።

ስለ ምትክ ስም ደግሞ ልንገራችሁ። ምትኩ፣ ተካልኝ፣ ካሳ፣ ማስረሻ። አንድ ልጅ ሞቶ ቀጥሎ ለመጣው ሚሰጡት ስሞች ናቸው። እኔ ራሴ ወንድሜ ከሞተ በኋላ ስለተወለድኩ የምትክ ስም ነው ያለኝ። እናቴ በፍቅር ነው ያወጣችው፣ አውቃለሁ፣ ሀዘኗን ያስረሳኋት እኔ ነኝ። ግን ልጅ ሆኜ ሰው ስሜን በጠራ ቁጥር ስላላየሁት ወንድሜ ይነግሩኝ ነበር፣ እሱ ባይሞት እኔ ሌላ ስም ይኖረኝ ነበር ወይ እያልኩ አስብ ነበር፣ የሱን ቦታ መሙላት ያለብኝ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ሀዘን ካለባችሁ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ የሞተውን በሌላ መንገድ አስቡት፣ ለአዲሱ ግን የራሱን ስም ስጡት። የምትክ ስም ይውጣ ካላችሁ ደሞ እንደ አለኝታ ወይ እንደ ደስታ ያለ፣ ወደኋላ ማይጎትት ቢሆን እመርጣለሁ።

በሕይወት ያለ የቅርብ ሰው ስም ለህፃን መስጠት ብዙ ቤት አይወደድም፣ የአባቱን ስም ደግማችሁ መስጠትም እንዲሁ፣ ፎርም ላይ አንድ ስም ሁለቴ ሲታይ ስህተት ይመስላቸዋል።

4. የክርስትና ስም ሌላ ነው

ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ ካህኑ የክርስትና ስም ያወጣል፣ ብዙ ጊዜ ከቀኑ ጋር ሚሄድ ነው፦ በ12 ከሆነ ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፤ ወንዱ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ሴቷ ወለተ፣ አመተ እየተባለ። ይሄ ስም ለጸሎት፣ ለቁርባን፣ በመጨረሻም ለፍትሐት ነው ሚጠራው።

የመጠሪያ ስም ላይ ተጨንቃችሁ ሁሉን ነገር አንድ ስም ውስጥ ማጨቅ አያስፈልጋችሁም ለማለት ነው ይሄን ያነሳሁት። የመንፈሳዊውን ስም ቤተክርስቲያን ትሰጣለች። ከኛ አጠገብ አንጎለላ በ1836 የተወለዱት ምኒልክ የክርስትና ስማቸው ሳህለ ማርያም ነበር፣ ዘውዲቱ አስካለ ማርያም ነበሩ። ተፈሪ ደሞ በተቃራኒው የነገሡት በክርስትና ስማቸው በኃይለ ሥላሴ ነው። ስሙን ጻፉትና ከቤተሰብ ወረቀት ጋር አስቀምጡት፣ የክርስትና አባትና እናት ስም ጭምር። ሰው በድንገት ሲታመም "የክርስትና ስሙ ማነው?" ሲባል ማንም ማያስታውስበት ቤት ብዙ ነው፣ የአያቴን ለፍትሐት ስንፈልግ መከራ አይተናል።

ሙስሊም ለሆኑት፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያሉ ጓደኞቼ ቤት እንዳየሁት በ7ኛው ቀን አቂቃ ይታረድና ስሙ ይወጣል፣ ለወንድ ሁለት በግ ለሴት አንድ። እነሱ ስሙን ቀድመው ስለሚጨርሱ የምዝገባ ጣጣ ላይ ከኛ ይቀላቸዋል።

5. ጠርታችሁ ሞክሩት

ደጅ ወጥታችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። የምሬን ነው። መንዝ ላይ ከዚህ ጋራ ላይ ቆሞ ማዶ ከብት ሚጠብቅን ልጅ መጥራት ያለ ነገር ነው፣ አማቴ አንድ ስም ሲነግሯት መጀመሪያ ምትጠይቀው "ይጠራል ወይ?" ብላ ነው፣ ድምፅ ይወጣዋል ወይ ማለቷ ነው። ተቆጥታችሁም ጥሩት፣ አባብላችሁም ጥሩት።

ቁልምጫውን ደሞ ቀድማችሁ አስቡት፣ እናንተ ካላወጣችሁለት ሰፈሩ ያወጣለታል። ትዕግስት ቲጂ፣ ቤተልሔም ቤቲ፣ ተስፋዬ ተስፍሽ፣ ገብረስላሴ ገብሬ መባላቸው አይቀርም። ቁልምጫውን ካልወደዳችሁት ሙሉ ስሙንም ደግማችሁ አስቡበት፣ በቀን አስሬ ምትሰሙት ቁልምጫውን ነው።

6. አጻጻፉን ዛሬውኑ ቁረጡ

ይሄ ክፍል አሰልቺ ነው ግን ገንዘብና ጊዜ ሚበላው እዚህ ጋር ነው። ሁለት ቃል ያለውን ስም አያይዛችሁ እንደ አንድ ቃል ጻፉ። የወንድሜ ስም ኃይለማርያም ነው፣ ልጅ ሆኖ አንድ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ "ኃይለ ማርያም" ተብሎ ተለያይቶ ተጻፈ፣ ሲስተሙ ኃይለን ስሙ፣ ማርያምን አባቱ አድርጎ ወሰደው፣ የአባታችን ስም ወደ አያት ቦታ ተገፋ፣ አያታችን ጭራሽ ወጡ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊመዘገብ ሲል ነው የታየው፣ ማስተካከያው ከአንዱ ቢሮ ወደ አንዱ ሲመላለስ ጥናት ላይ መሆን ያለበትን ጊዜ በላው።

ፊደሉንም ወስኑ። ኃይሉ ነው ሀይሉ፣ ፀሐይ ነው ጸሀይ፣ ሥላሴ ነው ስላሴ? ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ስሞች ናቸው። ትክክለኛውን ከካህን ወይ ከመዝገበ ቃላት አጣሩና አንዱን ይዛችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ እሱኑ ጻፉ። ከዛ የእንግሊዝኛውን ፊደል። ቃልኪዳን በኬ ነው በኪው? የፀሐይ "ፀ" በቲኤስ ነው ወይስ በሌላ? ሕይወት ላይ ኤቹ የት ጋር ነው ሚገባው? ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያው) ላይ ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው ሚገባው፣ ፓስፖርትም ይከተላል፣ የአባትየውም ስም በራሱ መታወቂያ ላይ ከተጻፈበት ፊደል ጋር አንድ መሆን አለበት። እኔ የቤተሰቡን ሁሉ ስም በሁለቱም ፊደል ጽፌ ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አድርጌዋለሁ፣ መዝጋቢው ሲጠይቀኝ በቃል ከመናገር እሱን ነው ማሳየው።

7. 90 ቀን

በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሰረት ልደት በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ምዝገባው ቀበሌ ነው። እንግዲህ አስሉት፣ ሴት ልጅ ወልዳችሁ "ክርስትናዋ ይድረስና ስሟን እንቁረጥ" ካላችሁ 80ው ቀን ሄዷል፣ ሚቀራችሁ 10 ቀን ነው፣ በዛ ላይ የድግስ ድካም አለ፣ ሰንበት አለ፣ መዝጋቢው ማይገባበት ቀን አለ። ስለዚህ የመጠሪያ ስሙን በመጀመሪያው ወር ቁረጡና ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ ክርስትናው በራሱ ጊዜ ይደርሳል።

ከጤና ተቋም ሚሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት እንዳትጥሉ፣ የሁለታችሁን መታወቂያ ያዙ። ወላጆች ሁለቱም ብትሄዱ ጥሩ ነው፣ እናት ካልሄደች የእናት ስም በግምት ይጻፋል፣ እሷ ስሟ ሚገባበት ብቸኛው ቦታ ደሞ እሱ ነው። ሰርተፍኬቱ ታትሞ ሲሰጣችሁ ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱን ፊደል በጣታችሁ እየነካችሁ አንብቡት። ሰልፍ አለ፣ ሰው ከኋላ ያጉረመርማል፣ ይሁን። በኋላ ስም መቀየር ፍርድ ቤት ድረስ ሚያስኬድ ጣጣ ነው።

8. ውጭ ለምትወልዱ

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ። እዛ ሀገር ፎርሙ ፈርስት፣ ሚድል፣ ላስት ሚል ከሆነ በጣም ቀላሉ መንገድ ፈርስት ላይ የልጁን፣ ሚድል ላይ የአባትን፣ ላስት ላይ የአያትን ማድረግ ነው፣ ያኔ ወረቀቱ እዚህ ካለው ጋር ይገጥማል፣ ልጁ አድጎ ደብረ ብርሃን ቢመጣ ማን ልጅ እንደሆነ ለመናገር ማብራሪያ አያስፈልገውም። አባትየው እዛ ላስት ኔም ብሎ ሚጠቀመው የራሱን አባት ስም ከሆነ አባትና ልጅም በአንድ ላስት ኔም ይሄዳሉ፣ ትምህርት ቤትም ኤርፖርትም ጥያቄ አይነሳም። ሚድሉ ላይ ሌላ ቆንጆ ስም ማስገባት ሚያምራችሁ ካላችሁ ግን አስቡት፣ ሚወጣው የአባቱ ስም ነው። እናትየው ስሟ እንዲገባ ፈልጋ ከሆነ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ሁለት ሚድል ኔም ሚፈቀድበት ቦታ የእሷንም ከአባት ስም ጎን ማስገባት ይቻላል፣ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

የእህቴን ልጅ ስም እስካሁን አልቆረጥንም። ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል፣ ከአባቷ ስም ፊት አምስት ስም ተጽፎ ሁለቱ ተሰርዟል፣ እናቴ ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥታ የቀሩትን ሶስቱን እየጠራች ነው። ዛሬ 23ኛ ቀኗ ነው።